የግራ እግሬ ጫማ

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ውሃ ጣደ፤ ውሃው እስኪፈላ ድረስ በኮሪደሩ ላይ በአንድ እግሩ እየነጠረ ሄዶ በሌላው ተመለሰ። ከታች ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉ። ቁጣ አልነበረም፤ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በእሱ ነው። አማቴ ከክፍላቸው ሆነው ዛሬም ቤቱን ሊያፈርስብን ነው አሉ። እንቁላል ጠበስኩ፤ በዳቦና በሻይ በላን። እሱ ወደ ማተሚያ ቤቱ፣ እኔ ወደ ፋርማሲዬ ለመሄድ ደረጃውን አብረን ወረድን።

ባለቤቴ ወረቀት ቆራጭ ነበር። መጽሐፍ ተጠርዞ ሲያልቅ ጠርዙን በትልቁ መቁረጫ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ከሥራ በኋላና በእረፍት ቀኑ ደግሞ ስሉስ ዝላይ ይዘላል። ስሉስ ዝላይ ተንደርድሮ በአንድ እግር መነሣት፣ በዚያው እግር ማረፍ፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ አሸዋው ውስጥ መውደቅ ነው። አማቴ ይህ ነገር ገብቷቸው አያውቅም። ሰው አንዴ ዘሎ ካልደረሰ አርፎ ይቀመጣል እንጂ ሦስቴ ይሞክራል እንዴ ይላሉ።

ያገኙት አሠልጣኙ ናቸው። ጋሽ ፊሽካ ነው የምንላቸው፤ ፊሽካው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ ፎቶ አንሺው ሲዘገይባቸው ነፍተውበታል። አንድ የዝናብ ቀን የምስክር ወረቀት ሊያሳትሙ ማተሚያ ቤቱ ሄዱ። ግቢው በውሃ ተሞልቷል። አንድ ረጅም ሠራተኛ ወረቀት በትከሻው ተሸክሞ ከደረቅ ወደ ደረቅ ይዘላል። ጋሽ ፊሽካ የመጡበትን ረስተው የኩሬውን ስፋት በእርምጃ ለኩ። ያኔ ባለቤቴ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ለዚህ ስፖርት ጀማሪ ሳይሆን ሽማግሌ የሚባልበት ዕድሜ ነው።

እሳቸው በዘመናቸው ስምንት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆነዋል። እሱም በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ስምንተኛውን ወሰደና እኩል ሆኑ። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት መንቋቋት ጀመረ፤ ሐኪሙም እሱም የዚያ ሳምንት እሑድ ሻምፒዮና የመጨረሻው እንደሆነ ተስማሙ። ዘጠነኛውን ፈልጎታል። አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ግን ሐሙስ ጠዋት ሻዩ ውስጥ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመረ።

አሁን ስለ ጫማው ልናገር። ከመጋባታችን በፊት አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ልምምዱን ለማየት ሜዳ ሄድኩ። ዘላይ የሚንደረደርበት ርቀት የተለካ መሆን አለበት፤ መነሻው ትንሽ ከተዛነፈ እግሩ መነሻ ጣውላው ላይ በትክክል አያርፍም። ያን ቀን ሜትራቸው ተበጥሶ ነበር። ጋሽ ፊሽካ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገጣጠምሽ ከጣውላው ጀምረሽ ሂጂልን አሉኝ። በጠፍጣፋ የሥራ ጫማዬ ሄድኩ፤ እሱ በቃ እስኪለኝ መቶ ስልሳ ቆጠርኩ። ያን ቀን ከዚያ በፊት ዘሎት የማያውቀውን ርቀት ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ሜትር የሚባል ነገር አላስጠጋም።

ውድድር ላይ ግን እኔን ሜዳ የሚያስገባ የለም። ስለዚህ የግራ እግሬን ጫማ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አገር የሚያውቀው ሻምፒዮን በመንደርደሪያው ላይ አጎንብሶ የሴት ጫማ እያገላበጠ መቶ ስልሳ ጊዜ ሲያስቀምጥ ያላየ የስታዲየም ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ዘላዮች እመቤቲቱ ዛሬ ደህና ናቸው ወይ እያሉ ይተርቡታል። ሰላም ብላችኋለች ይላቸዋል።

ከብዛት የተነሣ የጫማው ጫፍ ተበልቶ ሶሉ ከፊት ተላቀቀ። አማቴ ይህን አይተው እንቅልፍ አጡ። ልጃቸው በመጨረሻው ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አፉን የከፈተ ጫማ ይዞ እንዲታይ አልፈለጉም። ሰው ሚስቱ ጫማ የላትም ይላል፣ ስሙ የሚጠፋው የአንቺ ነው አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ላስደስተው ፈልጌ ነበር። ከውድድር በፊት ሦስት ቀን ሜዳ ስለማይወርድ ጫማውን አይነካውም። ሐሙስ ዕለት ከቦርሳው አውጥቼ ፋርማሲው ጎን ላለው ጫማ ሠሪ ሰጠሁት።

ቅዳሜ ስወስደው አዲስ መስሏል። ተሰፍቷል፣ ተለጥፏል፣ ቀለም ተቀብቷል። ጫማ ሠሪው በሥራው ኮርቶ፣ የተበላውን ጫፍ ሞርጄ አስተካክዬልሻለሁ፣ ሦስት ሚሊሜትር ብትሆን ነው፣ አይታወቅም አለኝ። አመስግኜው ሄድኩ። ባለቤቴ ማታ አገላብጦ አየውና፣ ይኼስ ለሠርግ ነው የሚሄደው አለ። ሁለታችንም ሌላ ነገር አላሰብንም።

እሑድ አማቴና እኔ አጥሩ አጠገብ ተቀመጥን። እሱ ጫማውን እያስቀመጠ መቶ ስልሳ ቆጠረ፤ ምልክቱን ለጠፈ። የሚዘልበት ተራ ደረሰ። ተንደረደረ፤ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነበር፤ ዳኛው ግን ቀይ ባንዲራ አነሣ። እግሩ ከጣውላው አንድ ክንድ ያህል አልፏል። ጋሽ ፊሽካ ምልክትህን ወደ ኋላ ውሰድ ብለው ከአጥሩ ጮኹ። እሱ እንቢ አለ። ምልክቱ ዘጠኝ ዓመት ዋሽቶኝ አያውቅም፤ የዋሸው እግሬ ነው አለ። ሁለተኛው ላይ እርምጃውን አሳጥሮ ሊያስተካክል ሞከረ፤ ሩጫው ተሰበረ፤ አሁንም ቀይ።

ደንቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች አንድ ትክክለኛ ዝላይ ያላስመዘገበ ሰው ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ጋሽ ፊሽካ እኛ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። ፊሽካቸውን በእጃቸው ጨብጠውት ነበር። ዕድሜ ነው፣ እኔም እንዲህ ነው የጨረስኩት አሉ። ዘጠነኛውን ከእሱ በላይ የሚፈልጉት እሳቸው እንደነበሩ ያኔ ገባኝ።

ሦስት ሚሊሜትር የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። የፋርማሲ ሰው ትንሽን ነገር በብዙ ማባዛት ልማዱ ነው። ሦስት ሲባዛ በመቶ ስልሳ አራት መቶ ሰማንያ ይሆናል። ለግማሽ ሜትር ሁለት ሴንቲ የጎደለው ማለት ነው። እግሩ አልዋሸም፤ ያሳጠርኩበት እኔ ነኝ።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ የመዝለያ ጫማውን ክር ያጠብቃል። በስሙ ጠራሁት፤ ቀርቦ ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ቁጣ አልነበረም፤ መሰናበት ነበር።

"ጫማ ሠሪው ጫፉን ሞርዶታል" አልኩት።

"የቱን ጫፍ?"

"የጫማውን። ሦስት ሚሊሜትር። በመቶ ስልሳ አባዛው።"

ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነው፤ በኋላ አጥሩን ይዞ እስኪያጎነብስ ድረስ። ዳኛው የመለያ ቁጥሩን ጠራ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት በሚሊሜትር ስቆርጥ ኖሬ፣ በሚሊሜትር ቆረጥሽኝ" አለ።

"ሁለት ጫማ ወደ ኋላ ሂድ። በትክክል ሁለት ነው።"

"እሺ ዶክተር።" ፋርማሲስት ነኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላስታውስም።

አማቴ ከኋላዬ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ንገሪው አሉ። ጋሽ ፊሽካ ደግሞ ስለ ምን እንደምናወራ አልገባቸውም፤ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚስቀው አእምሮው ሲነካ ብቻ ነው ብለው ሐኪም ፍለጋ ዞር ዞር ይሉ ነበር።

ባለቤቴ ጫማውን አምጥቶ ከምልክቱ ኋላ ሁለት ጊዜ አስቀመጠ። ሰዓቱ ሊያልቅበት ነው። ትከሻው አሁንም በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሆኖ ተንደረደረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አሸዋው ተበተነ። ሁላችንም ያየነው ዳኛውን ነው። ነጭ ባንዲራ አነሣ።

በዚያ ዝላይ አራተኛ ሆኖ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ። አራተኛ ሙከራው ተራ ነበር። በአምስተኛው አሥራ ስድስት ሜትር ከሰማንያ አንድ ዘለለ፤ ይመራ ከነበረው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በሦስት ሴንቲ በለጠ። ስድስተኛውን አልዘለለም። ወጣቱ በመጨረሻ ሙከራው ሲያንሰው፣ ጋሽ ፊሽካ አጥሩን እንዴት እንደተሻገሩት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው እሱ አንገት ላይ አጠለቁለት። ስምንቴን ወሰድክብኝ አሉትና አቅፈውት አለቀሱ። አማቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሦስቴ መዝለሉ ለካ ምክንያት አለው ብለው አመኑ።

ማታ ቤታችን በማተሚያ ቤት ሰዎች ተሞላ። ጫማ ሠሪውም ተጠርቶ መጣ። ሊወቅሱት የጠሩት መስሎት ቀለሙንና መርፌውን ይዞ ነበር። ባለቤቴ ከራሱ ወንበር ተነሥቶ እሱን አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ይህን ታሪክ ሳይሰማ ከቤታችን የወጣ እንግዳ የለም። እሱ ሲተርከው የተሞረደው ነገር በየዓመቱ ይጨምራል። መጀመሪያ አምስት ሚሊሜትር ሆነ፤ ቀጥሎ አንድ ሴንቲ፤ በመጨረሻ ጫማ ሠሪው አውራ ጣት የሚያህል ቆርጦ ነበር። እኔ ከወጥ ቤት ሦስት ነው እላለሁ። አትስሟት፣ የጫማ ሠሪው ጠበቃ ናት ይላል። እንግዳው ይስቃል፤ እኔም ትሪውን ይዤ ስወጣ እስቃለሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህም ጋሽ ፊሽካ አንዳንድ እሑድ ብቅ ይላሉ። የማስታወስ ችሎታቸው ስለደከመ ያንን ቀን እንድነግራቸው ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። ሦስት ሚሊሜትር እላለሁ። አይደለም የሚለኝ ሰው የለም።