ሳትበላ የምትነሳዋ

ገና ከመቀመጣችን ፍቅረኛዬ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። «እጄን ልታጠብ። እስክመጣ ምንም እንዳታዝ» አለችኝ።

ይህን ስትለኝ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ የወሰድኳት ምድር ቤት ያለ የቻይና ኑድል ቤት ነበር። እጇን ልትታጠብ ገብታ ስትመለስ ወንበሯን እንኳ አልሳበችም፤ «ሌላ ቦታ እንሂድ» ብላ ቀድማኝ ወጣች። በሳምንቱ የታይላንድ ምግብ ቤት ሞከርን። እዚያ ደግሞ ባለቤቱ ገና ከበር ሲያያት ፊቱ ልውጥ አለና አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓዳ ገባ። ያን ቀንም ሳንበላ ወጣን። ለምን ብላት «ዝም ብሎ ደስ አላለኝም» አለች።

ሁለቱንም ቤት የጠቆመኝ ሆዳሙ የምንለው የቢሮ ባልደረባዬ ነው። በከተማው ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የሚያጠግብ የእስያ ምግብ ቤት አንድም አያመልጠውም። ነገሩን ስነግረው ማኘኩን አቆመ። «ወንድሜ፣ ይህቺ ልጅ እነዚህ ቤቶች ውስጥ ታሪክ አላት» አለኝ።

ታላቅ እህቴ ባሰች። ባለፈው ቤቷ ሻይ ጠርታን፣ ልጅቷ ውሃ ልጠጣ ብላ ኩሽና ገብታ ቆይታ ነበር።

«ፍሪጄን ከፍታ እስከ ታችኛው መደርደሪያ ስትበረብር ደረስኩባት። ምን ጠፍቷት ነው?»

«ርቧት ይሆናል፣ እትዬ።»

«የራበው ሰው ይበላል እንጂ ዕቃ እየከፈተ አያሸትም። አንተ ደግሞ ስትወድ ዓይንህ ይታወራል።»

ሰው ሳይሰሙ መፍረድ አልወድም። ግን ከራሴ ጋር ተማክሬ ጨርሻለሁ። ዛሬ ተቀምጣ ከበላች እንጋባ እላታለሁ። ዛሬም ከተነሳች የምትደብቀው ሰው አለና ይቅርብኝ።

የቬትናም ሾርባ ቤቱ በልብስ ሰፊና በስልክ ጠጋኝ መሀል የተሰነቀረ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ክፍል ነው። እጅ መታጠቢያው ፊት ለፊቴ ነበር። እሷ ግን አልፋው ሄደች፤ መጋረጃውን ገልጣ ጓዳ ገባች። ሾርባ ሲቀዳ የነበረው ባለቤት ጭልፋውን አስቀምጦ ተከተላት።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ፍሪጁ ተከፍቷል። እሷ በርከክ ብላ፣ በአንድ እጇ ሙቀት መለኪያ ይዛ፣ በስልኳ መብራት የታችኛውን መደርደሪያ ታያለች። በዕድሜ አባቷ የሚሆነው ባለቤት ፈተና እንደሚታረምለት ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ጥሬ ሥጋው ከታች፣ አትክልቱ ከላይ። አሁን አስተካክለዋል» አለችው።

«ያኔ ቤቴን አሽገሽብኝ እንዴት እረሳለሁ፣ ልጄ?»

ዞር ስትል አየችኝ።

«የምግብ ቤት ተቆጣጣሪ ነሽ?» አልኳት። «የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አልነበርሽም?»

«ማዘጋጃ ቤት እሠራለሁ አልኩህ እንጂ ጸሐፊ ያደረግከኝ አንተ ነህ። እውነቱን ብናገር ማን እራት ይጋብዘኛል? የነገርኩት ወንድ ሁሉ በማግስቱ ድምፁ ይጠፋል።»

«ኑድል ቤቱስ?»

«አይጥ።»

«የታይላንዱስ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። በልተህበት ታውቃለህ?»

ከሆዳሙ ጋር በየሳምንቱ እበላበታለሁ። «አልፎ አልፎ» አልኩ።

አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እጄን ያዘችኝ። «ሳላየው አልበላም። አንተንም ሳላየው አላበላህም።»

ተመልሰን ተቀመጥን። ሁለት ሳህን አዘዘች። የራሷን በልታ ስትጨርስ ሳህኑን አንስታ መረቁን ጭልጥ አደረገችው። እኔም ለራሴ የገባሁት ቃል ነበርና፣ «እንጋባ?» አልኳት።

የምትበላበትን እንጨት አስቀመጠች። ያን ፍሪጅ ባየችበት ዓይን አየችኝ።

«የእህትህን ቤት አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው። ያንተን ገና አላየሁም። መቼ ልምጣ?»

ነገ ልል አፌን ስከፍት፣ ከሰኞ ጀምሮ ፍሪጄ ውስጥ ክዳኑን ያልከፈትኩት ድስት ትዝ አለኝ።

«ከነገ ወዲያ ይሻላል።»

ዓይኗን አጠበበች።

«ምን ደብቀህ ነው?» አለችኝ።