ስምንት ቤት የጠበቃት ሰሌዳ

ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው ከተማችን፣ እኛ ሕንጻ ውስጥ ደረጃ የሚጠረገው በተራ ነው። ተረኛውን የምታውጀው አንዲት አሮጌ የእንጨት ሰሌዳ ናት። ሳምንትህን ስትጨርስ የጎረቤትህ በር እጀታ ላይ ታንጠለጥላታለህ፤ አለቀ። ሰሌዳዋ ያልመጣችለት ሰው መጥረጊያ አይነካም። ከቱርክ የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ሃምሳ ሁለት ሞልቶኛል፤ ይህ ነገር ሲፈርስ አላየሁም፤ መርዋን እስኪመጣ ድረስ።

መርዋን የሶርያዋ የሐለብ ከተማ ሰው፣ አናጢ ነው። መስኮት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ከእኔ በላይ ያለውን ቤት ለስድስት ወር ተከራየ። አከራዩ፣ "ጎረቤት ካልተማረረብህ ቋሚ ውል እፈርምልሃለሁ" ብሎታል። ያለ ቋሚ ውል ደግሞ ሚስቱ ሪሃም ከዮርዳኖስ መምጣት አትችልም። ከተያዩ አራት ዓመታቸው ነው።

ሰሌዳዋን በሩ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አላስረዳሁትም። ከዚያ ጠፋች።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ደረጃው ጭቃና ቅጠል ለበሰ። የስምንት ቤት ሰው እየዘለለ ያልፋል፤ ሰሌዳ ከሌለ ማን ይጥረግ? እኔም ዘልያለሁ፣ ምን ልዋሽ!

በዚህ ላይ መርዋን በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በሳህን በሳህን እያደረገ በየበሩ ማስቀመጥ ጀመረ።

"ጉቦ ነው!" አሉ የሕንጻው ዓይንና ጆሮ ወይዘሮ ኖይፈር። "እያበላን ከመጥረግ ሊያመልጥ ነው!"

"በልተውታል እንዴ?"

"ምግብ አይደፋም ብዬ ነው፣ ኑርሃን። ይልቅ ተነሺ፣ ምስክር ሁኚኝ። ለአከራዩ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ሳልነግረው ግን አልልክም። ከጀርባ ሐሜት አልወድም።"

ወጣን። መርዋን ሲያየን ፊቱ በራ። "ግቡ፣ ግቡ! እትዬ ኑርሃን፣ ይቀመጡ!"

ወይዘሮ ኖይፈር አልተቀመጡም። ግድግዳው ላይ፣ ከሪሃም ፎቶ ጎን፣ ሰሌዳችን ተወልውላ፣ ቫርኒሽ ተቀብታ ተሰቅላለች።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ስጦታችሁ ናት እኮ! ፊደሏ የጥንት ነው፤ 'እንኳን ደህና መጣህ' የምትል መሰለኝ። እኛ ዘንድ የጎረቤት ስጦታ በባዶ እጅ አይመለስም። ብቻዬን ጠቅልዬ ስምንት ቤት እስካዳርስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጠርዟም ተሰንጥቆ ነበር፤ አጣበቅኩት።"

ኧረ እኔ! እናቴም ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም ነበር፤ ከሰው ሁሉ እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

የሰሌዳዋን ነገር ስነግረው አመድ መሰለ። "ደረጃውን ሳይ በየቀኑ እጄን ይበላኝ ነበር። የሚከፈለው ጠራጊ አለ ብዬ፣ የሰው እንጀራ እንዳልነካ ፈርቼ ነው የተውኩት።" ወዲያው መጥረጊያውን ይዞ ወረደ።

ወይዘሮ ኖይፈር የተጣበቀውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። "ይህን ስንጥቅ ጠግኑ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩ?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ!"

ቤታቸው ገብተው ፖስታውን በእንፋሎት ከፈቱት። ቴምብሩ እንዳይባክን ነው፤ የዚህ አገር ሰው ተቆጥቶም ሲታረቅም ቁጠባ አይረሳም። በአዲሱ ወረቀት ላይ የጻፉትን አነበቡልኝ፦ "ጎረቤቶች ያለን ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። ቤቱ ለአንድ ሰው ይሰፋል። ሚስቱ ትምጣ።"

አከራዩ በሳምንቱ ፈረመ።

ሪሃም የደረሰችው መጋቢት ውስጥ ነው። እናቴ ከአርባ አምስት ዓመት በፊት እኔን በአንድ እጇ፣ ሻንጣዋን በሌላው ይዛ እዚህ ስትገባ አንድ በር አልተከፈተም ነበር። ያን ቀን ግን ስምንቱም ተከፈቱ። ወይዘሮ ኖይፈር በዚያ በሚያማቸው ጉልበት የሪሃምን ሻንጣ ከእጇ ቀሙ፤ ሁላችንም ብንለምናቸው አልለቅም አሉ።

"ተመስገን" አልኩ፤ ስለ ሪሃምም፣ ስለ እናቴም።