በመርሳ የታየው የጨው ወደብ ክስ

ጎረቤታችን አባባ ደምሴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትጨቃጨቁት?» ሲሉኝ፣ ስለ ጨዋታው የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ረዲ ዘንድ ስልክ ሊያስሞሉ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ፤ ረዲ ደግሞ ስለ «ጨው ወደብ» ሳያወራለት የሚለቀው ሰው የለም።

«ዘበኛው ተገድሎ ነው አባባ» አልኳቸው።

«የመጋዘኑ ዘበኛ?»

መጋዘኑን ሲያነሱ ይበልጥ አመንኩ። «አዎ። በገመድ አንቀውት።»

«እኔን! መቼ ነው የሚቀበረው?»

«ገና ነው። ፍርድ ሳይሰጥ አይቀበርም።»

«ገዳዩስ ተይዟል?»

«አንድ እንግዳ ሰው ይዘዋል። ሓርነት ግን እሱ አይደለም ትላለች።»

ጓደኛዬ ሓርነት ከስልኬ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል «በፍጹም እሱ አይደለም!» አለች። «ገመዱ እርጥብ ነው፤ የሰውዬው እጅጌ ደረቅ ነው።»

አባባ ደምሴ ሁለታችንን በየተራ አዩን። «አይ ጊዜ!» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ሽማግሌ ሰው በዚህ ዕድሜያቸው ለእንዲህ ያለ ነገር ማሰባቸው ደስ አሰኘኝ።

ጥር 2014 ነበር። ጦርነቱ ከመርሳ ወጥቶ ወደ ሰሜን ከራቀ ጥቂት ሳምንት ቢሆነውም መብራትም ኔትወርክም አልተመለሰም። እኔና ሓርነት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የሴቶች ማደሪያ ኖረን አብረን ተመርቀናል። አባቷ አቶ ሀጎስ ወልድያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ሱቁ ሲዘረፍ የመኖሪያ ቤታቸውም በር ተገንጥሎ ተወሰደ። እሳቸው የተረፈውን ለመሰብሰብ እዚያው ሲቀሩ ሓርነትን እኔ ይዣት መርሳ፣ አክስቴ አልማዝ ቤት መጣን።

«ጨው ወደብ» በስልክ የሚጫወቱት የችሎት ጨዋታ ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ሰው ይገደላል፣ ያልገደለው ይታሰራል። ተጫዋቹ ለእስረኛው የምትከራከረውን ጠበቃ ሆኖ ማስረጃ ይለቅማል፤ ምስክር ሲዋሽ ይይዛል። ጠበቃዋ ውሸቱን ስታገኘው ቀይ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ትወረውራለች። እኛ ጓንት ስላልነበረን በተማሪነታችን በቀይ ካልሲ እንጠቀም ነበር። የሦስተኛው ክፍል የመጨረሻ ምዕራፍ በኔትወርክ የሚወርድ ነው፤ ልናወርደው ስንል ኔትወርኩ ጠፋ። የጨው መጋዘኑን ዘበኛ የገደለው የታሰረው እንግዳ መርከበኛ ይሁን ሌላ ሰው ሳናውቅ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ የቀረን መከራከር ብቻ ነው።

አባባ ደምሴ እንደሄዱ ረዲ የሓርነትን ስልክ ሊመልስላት መጣ። የእሷ ስልክ ተሞልቶ፣ የእኔ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ረዲ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ በአንድ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሞላ ልጅ ነው።

«አሁንም መርከበኛው ላይ ናችሁ?» አለ። «እኔ ከክፍል አንድ በኋላ ያለውን አልቆጥረውም። ክፍል ሁለትማ ውርደት ነው። ገዳዩ ሐኪሙ መሆኑን ገና ሲገባ ፊቱ ያስታውቃል!»

«አንተ ፊት አይተህ ነው የምትፈርደው?» አለችው ሓርነት። «ሁልጊዜ የምትሸነፈው ለዚህ ነው።»

«ወላሂ ተሸንፌ አላውቅም። ስልኬ ይዘጋብኛል እንጂ።»

«ልትሸነፍ ስትል ነው የሚዘጋው?»

«ስልኩም ፍርደ ገምድልነት አይወድማ!»

ሓርነት ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ጠዋት አንድ ሹፌር የአባቷን መልእክት አድርሶ ነበር። አቶ ሀጎስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መርሳ ይገባሉ፤ እዚህ አድረው ነገ ይዘዋት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

መሄድ አልፈለገችም። አዲስ አበባ አጎቷ ቤት ገብታ በር ዘግታ መቀመጥ ነው የሚጠብቃት። እዚህ ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አንድ ክፍል እንድታስተምር ርእሰ መምህሩ ቃል ገብተውላታል። አባቷ ግን የሚፈሩት ነገር ነበር። በዚያ ሰሞን ሰው ስሟን ጠይቋት፣ ስሟን ስትናገር ለትንሽ ጊዜ ዝም ይል ነበር። አቶ ሀጎስ የሚፈሩት ያንን ዝምታ ነው።

እኔ እንድትቆይ እፈልግ ነበር። አልነገርኳትም። የምፈልገውን መናገር ያስቸግረኛል፤ በመርከበኛው ላይ መከራከር ይቀለኛል።

የቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ጡሩምባ የተነፋው ይህን ጊዜ ነው።

በዚያ ዓመት ያ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የራሱን ቤተሰብ በልቡ ይቆጥር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቅሬው ወንዶች የዳስ ሸራ፣ ቋሚና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ብቅ አሉ። ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ አንገታችንን አስግገን ስናይ የእኛን በር ከፈቱ። አግዳሚዎቹን ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ደረደሩ። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ረዲ ተነሥቶ ከቋሚዎቹ አንዱን መያዝ ጀመረ፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

አክስቴ አልማዝ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ከጓሮ ወጣች። «ምን ጉድ ነው? ማን ሞተ?»

ከሰዉ ጋር የገቡት አባባ ደምሴ ትከሻዋን ያዙ። «አይዞሽ ልጄ። ሁላችንም የዚያው ነን።»

«ማን ሞቶ ነው አባባ?»

«ወንድምሽ ሞላ።»

«ሞላ?» አለች አክስቴ። «ሞላማ ጓዳ ተኝቷል!»

አጎቴ ሞላ ሐራ ከተማ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው። ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና መጥቶ፣ ከጎረቤት ማንም ሳያየው ገብቶ ተኝቶ ነበር። በጩኸቱ ተነሥቶ ጋቢውን እንደተከናነበ በሩ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ሞላ ግን ዳሱን አየ፣ ሰውን አየ፣ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጥናችሁ» አለና ከለቀስተኞቹ መሀል የሚቀመጥበት ቦታ ፈለገ።

«ያንተ ልቅሶ ነው!» አለው ረዲ።

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ አባባ ደምሴ፣ የአባባ ደምሴ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። «ይህች ናት የነገረችኝ። የመጋዘኑ ዘበኛ ታንቆ ሞተ አለችኝ። እንባ ባላይባቸው፣ ልጆቹ ደርቀዋል፣ ማልቀስም ሰልችቷቸዋል ብዬ አዘንኩ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስልኩን ከፍ አድርጌ «እዚህ ውስጥ ያለው ዘበኛ ነው» አልኩ። «ጨዋታ ነው አባባ።»

ቀድማ የሳቀችው ያች ወደ ኋላ የሸሸችው ሴት ናት። ከዚያ አጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ ዳሱ ሁሉ። ያ ሸራ በዚያ ዓመት ያልተተከለበት ደጅ አልነበረም፤ ሟች የሌለበት ልቅሶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። አንዳንዶቹ እየሳቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

አባባ ደምሴ አልሳቁም። «ቅሬ ጠርቶ በባዶ መበተን ነውር ነው» አሉ። «ሰው ከተሰበሰበ ጉዳዩ ይታይ። ከሳሹ ማን ነው?»

ሓርነት ወደ እኔ ጠቆመች። «ፍሬሕይወት ናት። መርከበኛው ነው የገደለው የምትል እሷ ናት። እኔ የመርከበኛው ጠበቃ ነኝ።»

«ቁሙ ታዲያ።» አባባ ደምሴ የእኔን ነጠላ ጫፍ ከሓርነት ነጠላ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። «አባቴ የአጥቢያ ዳኛ ነበር። በሱ ዘመን የተካሰሱ ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቆሙት፤ አንዱ እንዳይጠፋ። ፍርድ ሳይሰጥ ቁራኛ አይፈታም። አንቺ ጀምሪ።»

«መርከበኛው ያን ዕለት የት እንዳደረ ሲጠየቅ ዋሽቷል» አልኩ።

«ከፍ አድርጊው! ዳኛው አልሰማም።»

«ዋሽቷል! ከመርከቡ አልወረድኩም አለ፤ ጫማው ላይ ግን የመጋዘኑ ጨው አለ።»

«እውነቷን ነው፣ ጨው አይዋሽም» አለች አንዲት ሴት። ሌላዋ «ሚስቱ ትጠየቅ!» አለች። የማንን ሚስት እንደሆነ አልተናገረችም።

ረዲ ስልኩን ይዞ በየአግዳሚው እየዞረ የገመዱን ሥዕል አሳየ። ሁሉም በየተራ አጎንብሶ አየ። ሞላ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«እኔ ዘበኛ ነኝ» አለ ሞላ። «እንግዳ ሰው ከኋላዬ አላስጠጋም። ይህ ሰውዬ ከኋላው ነው የታነቀው። ጀርባውን የሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው።»

ሓርነት ከኪሷ ቀዩን ካልሲ አውጥታ አባባ ደምሴ እግር ሥር ወረወረችው። «ሰማችሁ!»

አባባ ደምሴ ካልሲውን በከዘራቸው ጫፍ አንሥተው አዩት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ውሸት ተያዘ ማለት ነው አባባ።»

«ታጥቧል?»

ዳሱ እንደገና በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ አባባ ደምሴ «መርከበኛው ዋስ የለውም?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም» አለች ሓርነት። «አገሩ ሩቅ ነው። በከተማው የሚያውቀው ሰው የለም። የዋሸውም ለዚህ ነው፤ እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል?»

ይህን ስትል ድምጿ ትንሽ ተለወጠ። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁት። አባባ ደምሴም የሰሙት ይመስለኛል።

ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። አቶ ሀጎስ ወረዱ። ዳሱን አዩ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አዩ፤ የያዙት ዘንቢል ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄ!» ብለው ጮኹ።

ሓርነት ወደ እሳቸው ሮጠች። ነጠላዬ ጎተተኝና እኔም ሳልወድ አብሬያት ሮጥኩ። ሁለታችንም አንድ ላይ ደረታቸው ላይ ወደቅን። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ደጋግመው አዩት፤ የእኔንም ራስ እንደ ልጃቸው ዳበሱ። ውሃ ጠጥተው፣ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ስልክ ውስጥ ለሞተ ሰው ዳስ!» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው ተነሡ። «በይ ሓርነትዬ፣ ልብስሽን አሰናጂ። መኪናው ጠዋት ይነሣል።»

ሓርነት ቋጠሮውን ጨብጣ ያዘች።

«አትሄድም» አሉ አባባ ደምሴ። «ቁራኛ ናት። ፍርዱ ያለበት ምዕራፍ ኔትወርክ ሲመጣ ነው የሚገኘው አሉኝ። ያላየሁትን አልፈርድም። ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።»

አቶ ሀጎስ ፈገግ አሉ። «አባቴ፣ ጨዋታውስ ደግ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ነገ አንድ ሰው ቢነሣባት እዚህ ማን ይቆምላታል?»

«ዋስ ነው የጠየቅኸኝ?»

አቶ ሀጎስ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ አባባ ደምሴ። «ይህ የተሰበሰበው ቅሬም ምስክሬ ነው።»

«እኔም አለሁ» አለ ሞላ። «ከሞት ተነሥቶ የሚዋስ ሌላ ዘበኛ አታገኙም።»

«ወላሂ እኔም» አለ ረዲ።

አክስቴ አልማዝ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ እየፈረፈረች «እኔስ ዋስ አይደለሁም» አለች። «ሰው ለቤቱ ልጅ ዋስ ይሆናል እንዴ?»

አቶ ሀጎስ የተቋጠረውን ነጠላ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቁራኛ ከሳሹ ካልፈቀደ አይፈታም ሲሉ እኔም ከአባቴ ሰምቻለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ፣ ፍሬ? ትፈቻታለሽ?»

ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ሓርነት ግን መሬት መሬት ታያለች።

«አልፈታም» አልኩ።

«ከፍ አድርጊው!» አሉ አባባ ደምሴ።

«አልፈታም!»

አቶ ሀጎስ በማግስቱ ጠዋት ብቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የቅሬው ወንዶች ሸራውን አጥፈው ወሰዱ። ሓርነት እኛ ቤት ቀረች፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ማስተማር ጀመረች።