በራትኩላን ደብር የቀረችው ቦታ

በመጪው እሑድ ጳጳሱ መጥተው የራትኩላንን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ለመጨረሻ ጊዜ ሊዘጉት ነው። በዚያ ቀን የደብሩን ታሪክ እንድታነብ የተመረጠችው ሄስተር ታካቤሪ ናት፤ ከቀሩት ምእመናን ሁሉ ረጅም ዘመን የቆየችው እሷ ስለሆነች። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዋን ገብታ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የነሐስ ሰሌዳ እየወለወለች፣ የጻፈችውን በቃሏ ታነበንብ ነበር።

ታሪኩ አያስቸግርም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ራትኩላን ከደብሊን በስተደቡብ ያለች ላም የሚረባባት መንደር ነበረች፤ ድንጋዩ ከዊክሎው ተራራ በጋሪ ወረደ። ኋላ ባቡር መጣ። በባቡሩ ዳኞችና ነጋዴዎች መጡ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሞላ፣ ለሕንፃውም አንድ ክንፍ ተጨመረለት። ከዚያ የዓለም ጦርነቱ ወጣቶቹን ወሰደ፤ ስማቸው አሁን ሄስተር በምትወለውለው ነሐስ ላይ አለ። ከዚያ አገሩ ከእንግሊዝ ነጻ ወጣና ልባቸው እንግሊዝ አገር የነበረ ቤተሰቦች ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ። የቀሩት ደግሞ በጋብቻ ሳሱ። ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ካቶሊክ ሲያገባ ልጆቼን በካቶሊክ ሃይማኖት አሳድጋለሁ ብሎ ይፈርም ነበርና፣ በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሠርግ ከአግዳሚው አንድ ትውልድ ይነሣ ነበር።

ይህችን የመጨረሻዋን ግን አልጻፈቻትም። ታሪክ እንድታነብ እንጂ የቤተሰቧን ጓዳ እንድትከፍት አልተጠየቀችም። ወንድሟ ሴሲል ከፈረሙት አንዱ ነበር።

ሴሲል እሑድ ማታ ሞቷል። ለሄስተር የነገሯት ወጣቱ የደብሩ ቄስ ናቸው፣ በስልክ። እግዚአብሔር ያጽናዎት ካሉ በኋላ፣ "ባለቤቱ አንድ ነገር ልትጠይቅዎት ትመጣለች። ፈቃዱ የእርስዎ ነው፤ እኔ አልጫንዎትም" አሏት። ሄስተር ነገሩ ወዲያው ገባት። ቅጽር ግቢው ከሞላ ቆይቷል፤ አዲስ መቃብር አይቆፈርበትም። በታካቤሪዎች መቃብር ውስጥ ግን፣ ከአባቷና ከእናቷ በላይ፣ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ቀርቷል። ሄስተር አላገባችም፣ ልጅ የላትም። ያቺ ቦታ የሷ ናት። በየሳምንቱ ሣሩን የምታርመው፣ ቅጠሉን የምትጠርገው፣ አንድ ቀን የራሷን አልጋ እንደምታነጥፍ አድርጋ ነው።

በሩ ሲጢጥ አለ።

"ወንድም ቢሞትም ባይሞትም ነሐሱ መወልወል አለበት ማለት ነው?" አለ አንድ ድምፅ።

አትራክታ ናት፤ የሴሲል ሚስት። ጥቁር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ከደጁ መድረክ ወዲያ ቆማለች።

"እንደምን አደሩ" አለች ሄስተር። "ይግቡ፣ ብርድ ይገባል።"

"ይግቡ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ የወንድምሽ ሚስት ሆኜ ዛሬ አንቱ ልባል? ሥጋ ቤት በር ላይ ስታዪኝ መንገድ የምትሻገሪው አንቺው አይደለሽም እንዴ?"

"ጉዳይ ኖሮኝ ነው የምሻገረው።"

"ሁልጊዜ?"

"ጉዳይ ይበዛብኛል።"

አትራክታ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። እግሯን አንሥታ መድረኩን ተሻገረችና ዙሪያውን አየች። "እናቴ ብታየኝ ከመቃብሯ ተነሥታ በጆሮዬ ጎትታ ታስወጣኝ ነበር። ልጆች ሳለን እዚህ ውስጥ ሰይጣን ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል ይሉን ነበር።"

"ሻዩ ከጸሎት በኋላ ነው። በአዳራሹ።"

"ብስኩትም አለው?"

"ድሮ ነበረው።"

አትራክታ አግዳሚ ተደግፋ ቆመች። ወደ ጉዳዩ ስትገባ ድምፅዋ ወረደ። "ሴሲል ከአባቱ ጋር ቅበሩኝ ብሏል።"

"ከተራራው ሥር፣ ከማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ገዝታችሁ የለም እንዴ?"

"ገዝተናል። ለሁለት ሰው። ይኸውልሽ፣ ዕድሜ ልኬን ከጎኑ ተኝቼ፣ ምድጃውን አንድጄ፣ አምስት ልጅ ወልጄለት፣ በመጨረሻ ወደ እናንተ መልሱኝ አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ የመጣሁ መሰለሽ? የምለምንሽ የሱን ልመና ነው እንጂ የኔን አይደለም።"

ሄስተር ጨርቁን አጠፈች። ይህን ንግግር ከትናንት ጀምሮ ስታዘጋጅ ስለነበር ሳትደናቀፍ ተናገረችው። "አባታችን የተቀበሩ ቀን ጎረቤቶችሽ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ በዝናብ ቆሙ። ቄሳችሁ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቡ ስለከለከሏችሁ ነው። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ከነዝናቡ ቆመው መሸኘታቸውም ትልቅ ነገር ነው። ሴሲል ግን ማንም አልከለከለውም። ልጅ ነው። የአባቱን ሣጥን አልተሸከመም፣ ከኔና ከእማዬ ጎን አልተቀመጠም፣ ካንቺ ጋር መንገድ ላይ ቆመ። እማዬ ስትሞት ደግሞ ክልከላው ቀርቶ የመንደሩ ካቶሊክ ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ፤ ውጭ የቀራችሁት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። በእግሩ ያልገባበትን ደጅ ዛሬ ምን ሊያደርግ ይገባል? ለሱ ስል እኔ የት ልሂድ?"

"ገብቶ ነበር" አለች አትራክታ።

"መቼ?"

"አባታችሁ የተቀበሩ ቀን። 'አባትህ ናቸው፣ እኔን ዝናብ አይበላኝም፣ ግባ' ብዬ ገፋሁት። ገባ። ከዚያ ሳይቆይ ተመለሰ። ፊቱ ኖራ መስሏል። ምን ሆንክ ብለው መልስ የለም። የነገረኝ የመጀመሪያ ልጃችንን ስንድር ነው። መተላለፊያውን አጋምሶ ነበር አሉ። አንቺ ከመቀመጫሽ ብድግ ብለሽ፣ ወደ ኋላ ዞረሽ አየሽውና፣ የአግዳሚያችሁን በር ዘግተሽ ቀረቀርሽው።"

ሄስተር ወደ ታካቤሪዎች አግዳሚ ዞረች። በራትኩላን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አግዳሚ አለው፤ በአግዳሚው ጫፍ ደግሞ እስከ ወገብ የሚደርስ የእንጨት በር፣ ከበስተውስጡ የነሐስ መቀርቀሪያ ያለው። ቤተሰቡ ተሟልቶ እስኪመጣ በሩ ክፍት ይቆያል። የመጨረሻው ሰው ሲገባ የቤቱ አባወራ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤተሰብ የሚጠበቅ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን ማንም ለማንም አያስረዳም፤ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሴሲልም ያውቀዋል።

ያን ቀን ትዝ አላት። ሣጥኑን ተከትለው ሲገቡ ሴሲል ከሚስቱ ጋር መንገዱ ላይ ቆሞ አየችው። አይመጣም ብላ ቆረጠች። እናቷ በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ከደጁ የሚገባው ነፋስ ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል፣ በሩን ሁልጊዜ የሚዘጋው አባቷ ደግሞ ከፊት ለፊታቸው በሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ተነሥታ እሷ ዘጋችው። ወደ ኋላ ስትዞር ከደጁ ብርሃን ፊት አንድ ጥቁር ነገር፣ ባርኔጣ የያዘ ሰው አይታለች። ፊቱ አልታየም። አስከሬን ከሚያጓጉዙት ሰዎች አንዱ መስሏት ነበር።

"አላየሁትም" አለች።

"እሱ ዓይኔን እያየች ነው ብሎኛል።"

"ብርሃኑ ከጀርባው ነበር። አትራክታ፣ እማዬ በርዷት ነው እኮ። በርዷት ነው የዘጋሁት።" ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። "ታዲያ ለምን አልጠየቀኝም? እዚሁ መንደር፣ ሁለት መንገድ አልፎ እየኖረ!"

"አንቺስ ለምን ውጭ ቆምክ ብለሽ አልጠየቅሽውም?"

ሄስተር አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አትራክታም ከመተላለፊያው ማዶ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። አትራክታ፣ "ታሞ እያለ ስምሽን ይጠራ ነበር። ልላክባት ስለው እንቢ ይላል። ግትር ነው። የእናንተ ዘር ሁሉ ግትር ነው" አለች። ሄስተር ራሷን ነቀነቀች።

ሲለያዩ፣ "ለቄሱ ሐሙስ ይሁን በያቸው" አለች ሄስተር። "ጉድጓዱን ጥልቅ እንዳያደርጉት ደግሞ አስጠንቅቂ፤ እማዬ ቅርብ ናት።"

ሐሙስ ዕለት ሄስተር እንደ ልማዷ ቀድማ ገባች። ሰው ይመጣል ብላ የጠበቀችው ጥቂት ነበር። እነሱ ግን እየመጡ አላልቅ አሉ። የሴሲል ልጆች ከነባሎቻቸውና ከነሚስቶቻቸው፣ የልጅ ልጆቹ፣ ከኮርክ የመጡ፣ ከለንደን የመጡ፣ ሕፃን ያዘሉ። መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀመጥ ስለማያውቁ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ መዝሙሩ ላይ ግን ድምፃቸው ጣሪያውን ሞላው። ሄስተር ከተወለደች ጀምሮ ይህን ያህል ሰው በዚህ ቤት አይታ አታውቅም። ዘወር ብላ አየቻቸው። የአባቷ ትልልቅ ጆሮ፣ ቆመው የቀሩት እነዚያ ጆሮዎች፣ በሦስት በአራት ልጆች ላይ ነበሩ። የእናቷ አገጭ የማታውቃት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ጠፋለት ብላ ስታለቅስለት የኖረችው ሰው ሁሉ ይኸው ነበር፤ ሁለት መንገድ አልፎ ሲያድግ፣ ሲማር፣ ሲዳር የኖረ። መጣ። ግን የመጣው ቤቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ የመጣውም ለአንድ ሰዓት ነው።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። አትራክታ ከጎኗ ነበረች፤ መሐረብ አቀበለቻት።

ሣጥኑን ወንዶች ልጆቹ ተሸክመው ወጡ። ዝናቡ ቀጭን ነበር። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨረሱ፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ መኪናው ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ፤ ሁለት ቆፋሪዎች ፈንጠር ብለው አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቋቸዋል።

"ጀምሩ፣ ጀምሩ፣ አትፍሩን" አለቻቸው አትራክታ። ከዚያ ወደ ሄስተር ዞራ፣ "አንቺስ አሁን የት ልትሆኚ ነው?"

"ማዘጋጃ ቤቱ ያውቃል።"

"ማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻውን ቀን እንኳ በቅጡ አያውቅም።" አትራክታ ዓይኗን ከጉድጓዱ አላነሣችም። "ከተራራው ሥር የኔ ጎን ባዶ ነው። ተከፍሎበታል። ለማላውቀው ሰው አልሰጠው።"

"ካንቺ ጋር? ከካቶሊኮች መሃል?"

"እኔስ ደስ የሚለኝ መሰለሽ? የምፈልገው እሱን ነበር።"

ሄስተር በድንጋዩ ላይ ከእናቷ ስም በታች ያለውን ልሙጥ ቦታ አየች። ዓይኗ ገና የራሷን ስም እየፈለገበት ነበር። አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ድምፁ ጎልቶ ተሰማ፤ ከዚያ እየታፈነ ሄደ።

"ላስብበት" አለች።

"አስቢበት። እኔም ገና ነኝ።"

መሬቱ ያንሸራትት ነበርና ሄስተር የአትራክታን ክንድ ያዘች። ቆፋሪዎቹ አፈሩን መልሰው፣ ሣሩን ከላይ አልብሰው፣ በአካፋቸው ጀርባ መታ መታ አድርገው እስኪጨርሱ ድረስ ሁለቱም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።