መቀስ የማይነካ መስፍን

የፀጉር አስተካካዩ አጎት መስፍን ነበር፤ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ልጅ ከጠፋ ለወንድም ልጅ፣ ያውም ለታላቁ። እንግዲህ ከሰባት ትውልድ ሲወርድ ሲወርድ መጥቶ ፀጉር አስተካካዩ ላይ ዘጭ አለ።

ፀጉር አስተካካዩ መስፍን መሆን የፈለገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ሥጋ ሻጭ ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር ላይ በርጩማ ላይ ተጎልቶ፣ እግሩን አንፈራጦ "እንዴት አደርክ፣ አንተ ላጭ!" ይለዋል። አንድ ቀን ብድግ ብሎለት አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!

ከመዝገብ ቤት የመጣው ጸሐፊ መነጽሩን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። "መስፍኑ ባሉበት ማንም ሰው አይቀመጥም።"

"እስቲ ይድገሙልኝ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ደገመለት።

"ሥጋ ሻጭም?"

"ሥጋ ሻጭም፣ ዳኛም፣ አማትም።"

"ወይ እናቴን!" አለች ሚስቱ።

"ቀጥሎ" አለ ጸሐፊው፣ "መስፍን በእጁ ሥራ አይሠራም። አንድ ሳምንት ይታያል፤ ማዕረጉ የሚጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ዕቃ ከነካ ማዕረጉ ለታናሽ ወንድሙ ያልፋል።"

ታናሽ ወንድሙ ትራስ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናታቸው ናት፣ ከትራሱ ተለይቶ ስለማያውቅ። ትራስ ሲያዛጋ እንኳን አፉን በእጁ አይከድንም፤ ሥራ ነዋ!

ፀጉር አስተካካዩ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። መቀሱን ሚስቱ ያዘች። እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የሰውንም ጭንቅላት እንደ መጋረጃ ቀጥ አርጋ ትቆርጠዋለች።

"ዝቅ አርጊው! ኧረ ቀስ! ጆሮው ነው እኮ!"

"አፍህን እንደ እጅህ ብትቆልፈው ምን አለበት?"

አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው ቀን ሙሽራ መጣ። ሰርጉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሚስትየው ከጆሮው በላይ ገብታ ሳንቲም የሚያህል መላጣ አወጣችለት። ከዛ ሌላኛው ጎን እንዲመስል ብላ እዛም ደገመችው። ሙሽራው መስታወት ሲያይ አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የፀጉር አስተካካዩ እጅ ከብብቱ ወጥታ ሄደች። እሱ አልላካትም፤ በራሷ ነው የሄደችው። መቀሱን ነጠቀ፣ ከላይ አሳጠረ፣ ከጎን አዋሃደ፣ ሙሽራውን ሙሽራ አስመሰለው። ቀና ሲል ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሟል።

"መቀስ ነክተዋል።"

"ሙሽራ እኮ ነው፣ ጌታዬ!"

"ሕጉ ሙሽራ አያውቅም።"

ሥጋ ሻጩ ይሄን ሲሰማ ሳቁ ከበርጩማው ጣለው።

ጸሐፊው ወደ ትራስ ቤት ሄደ። ሳምንት ሊያየው ነበር፤ አንድ ከሰዓት በቃው። "ሠላሳ ዓመት ስሠራ" አለ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ "እንዲህ የጠራ የመሳፍንት ደም አይቼ አላውቅም!" ያኔውኑ አጸደቀለት።

ቅዳሜ ሥጋ ሻጩ ሊላጭ መጣ፣ ለነገሩ በሰፈሩ ሌላ ላጭ የለም። ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ በሩ ተከፈተ። ጸሐፊው ትራስን ደግፎ አስገባው።

"መስፍኑ ሊስተካከሉ መጥተዋል! ሁላችሁም ተነሱ!"

ሥጋ ሻጩ ወንበሩን ለቆ ቆመ። ትራስ ገና ሲቀመጥ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሥጋ ሻጩ እንዳይወጣ ፊቱ ግማሽ ነው፤ እንዳይቀመጥ ጸሐፊው ያፈጥበታል።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለ አንዱን እግር በሌላው እየለወጠ።

"ወንድሜን ቀስቅሼ አላውቅም" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ሲነቃ ነው።"

"መቼ ነው የሚነቃው?"

ፀጉር አስተካካዩ ከትራስ ራስ ላይ አንዲት ፀጉር በሁለት ጣቱ አነሳ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አያት፤ ቀጭ አደረጋት። ከዛ ሁለተኛዋን መፈለግ ጀመረ።

"ባለፈው" አለ፣ "ቅዳሜ ተኝቶ ማክሰኞ ነው የነቃው። ግን ቆመህ ጠብቅ ጋሼ፣ ምን ይታወቃል!"