መቶ በመቶ የተከናወነ ዕረፍት

ማርያማዊት መካነ ሰላም ላይ በአንድ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች አራት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ያልተተከለ ችግኝ ተክላለች፣ ያልተሠራ እርከን ሠርታለች፤ ሁሉንም በኮምፒውተር።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይደርሱና አልንቀሳቀስ ይላሉ። አሥር ሰዓት ተኝታም ደክሟት ትነሳለች። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ምንም አላገኘም። «የበላሽ ሥራው ነው፤ ካላረፍሽ አይለቅሽም» አላት።

የዓመት ፈቃድ ልትጠይቅ ኃላፊው ዘንድ ገባች። አቶ ይሄነው ዓይናቸውን ከስልካቸው አላነሱም።

«ወንበር ላይ ተቀምጦ ማን ይደክመዋል፣ እህቴ? ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል፤ ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል?»

ገበሬውማ ለማርያም ያርፋል፣ ለሚካኤል ያርፋል ልትል አሰበች። «እሺ» ብላ ወጣች።

በሳምንቱ ከዞን ደብዳቤ መጣ፤ በሥራ ጫና የተዳከሙ ሠራተኞች ተለይተው፣ ድጋፍ ተደርጎላቸው ሪፖርቱ በአስቸኳይ ይላክ ይላል። አቶ ይሄነው ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረጉት።

«ዛሬውኑ ጨርሺው። መቶ በመቶ አድርጊው።»

«ተዳክሟል ተብሎ የተለየ ሠራተኛ አለ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ፈልገሽ ጻፊ እንጂ።»

ፈልጋ ጻፈች። ዕቅድ አንድ፣ ክንውን አንድ። የተወሰደ እርምጃ፦ ማርያማዊት ተረፈ ከነገ ጀምሮ የሃያ ቀን የዓመት ፈቃድ ተሰጥቷታል።

አቶ ይሄነው እንደ ወትሯቸው ሳያነቡ ፈረሙ። የመዝገብ ቤቷ ይርገዱ ግን ታነባለች። አነበበች፤ «ይቺ ዝምተኛ!» አለችና ማኅተሙን ከሌላው ቀን ጠበቅ አድርጋ መታችው። ፖስታው ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ተላከ።

አቶ ይሄነው ግልባጩን ያዩት ማርያማዊት ጠረጴዛዋን ስትቆልፍ ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ፈርመዋል።»

«ነገ ሥራ ትገቢያለሽ!»

«እሺ። ታዲያ የላክነው ውሸት ነው ብዬ ለዞን ልጻፍ?»

ድምጿ ከወትሮው ከፍ አላለም። አቶ ይሄነው ግልባጩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቢሮ የውሸት ሪፖርት ወጥቶ አያውቅም፤ በሪፖርቱ መሠረት።

«ሂጂ በቃ» አሉ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከከተማው ዳር ባለው ቤቷ እንደተኛች ስልኳ ጮኸ። አቶ ይሄነው ነበሩ፤ ድምፃቸው ማር ሆኗል።

«ማርያማዊት፣ ዞኑ አመሰገነን! ሌሎች ወረዳዎች ተሞክሯችንን እንዲወስዱ አሥር ገጽ ይፈልጋሉ። እንግዲህ ካንቺ በቀር ማን ይጽፈዋል?»

ከውጭ የአራሽም የጅራፍም ድምፅ አይሰማም። ዕለቱ ሃያ አንድ ነው፤ ማርያም። የአገሩ ገበሬ ሁሉ አርፏል።

ስልኩን አጠፋችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።