መስታወቱን ዝጋ

ሊሊሳ ቤቱ ውስጥ ሲጋራ አያጨስም። ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ። ልጁ ሀዊ ክርስትና የተነሳች ዕለት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሞ፣ ሚስቱ ማስተዋል እየሰማች፣ «ከእንግዲህ ቤቴ የሲጋራ ጭስ አይገባም» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ቃሉንም ጠብቋል። የሚያጨሰው ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ሚኒባስ ደግሞ ቤት አይደለም፣ ጎማ አለው።

ሚኒባሷ ከየካ ዳገት ሕፃናትን ለቃቅማ ጉርድ ሾላ መዋዕለ ሕፃናት የምታደርስ ሰርቪስ ናት። ሊሊሳ ጠዋት ጠዋት «ሞተር ላሙቅ» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ሽታው ወደ ቤት እንዳይሄድበት መስታወቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና ይለኩሳል። ከውጭ ላያት መኪናዋ ደመና የጫነች ነው የምትመስለው። ያ ሞተር ያን ያህል ሲሞቅ ኖሮ እስካሁን ቀልጦ አለማለቁ ተአምር ነው። ከዚያ ማስቲካውን እያላመጠ በሩን አንዴ ከፈት ዘጋ ያደርግና ልጆቹን ሊጭን ይሄዳል። የአምስት ዓመቷ ሀዊ ቦታዋ ጋቢና ነው፣ ከአባቷ ጎን።

ሀዊ ታስላለች። ክረምት ከበጋ ታስላለች፤ ስትተኛ ደረቷ ያፏጫል። የሰፈሩ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም።

«ንፋስ ነው!» ይላሉ ጎረቤታቸው እትዬ ወርቅአየሁ፣ የልጅ ልጃቸውን ባርኮትን ሲያሳፍሩ። «አንተ ሊሊሳ፣ መስታወቱን ዝጋ አላልኩህም? የእንጦጦ ንፋስ መጋኛ ነው፤ ልጆቹን ትፈጅልናለህ!»

ሊሊሳ ይህን መጀመሪያ የሰማ ዕለት ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለለው። ጥፋተኛ ተገኘለት፤ ያውም አፍ አውጥቶ የማይከራከር ጥፋተኛ።

«ምን መጋኛ ብቻ፣ እትዬ! ባለፈው ከባሕር ዛፉ መሃል ተነስቶ የአንድ መሪጌታ ጥምጥም ነጥቆ ወረደ። መሪጌታው ሲከተሉት፣ ሲከተሉት መገናኛ ደረሱ። ቢያዩ ጥምጥማቸው ባቡር ተሳፍሯል!»

«ሂድ፣ ቀጣፊ!»

«ያውም ወንበር ይዞ! ስንት ሽማግሌ ቆሞ!»

ልጆቹ ይንከተከታሉ። ሊሊሳ ደግሞ ሳቅ ሲደራለት መቆሚያ የለውም። ያ ንፋስ መስታወት የከፈተ ልጅ ካገኘ እጁን ሰዶ ትንፋሹን ይቀማዋል ይላል፤ የቀማውን ትንፋሽ በጆንያ እየቋጠረ እንጦጦ አናት ላይ ይከምረዋል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ሀዊ ግን አትስቅም። ጎንበስ ብላ የመስታወቱን ማዞሪያ ታጠብቃለች።

ሊሊሳ ያያታል። ያያትና ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹን ልጆች አውርዶ፣ ሀዊን ብቻ ይዞ፣ ማስተዋልን ከምትሠራበት ልብስ መሸጫ ሊያመጣ ወደ መገናኛ ወረደ። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪና መኪናን ተደግፎ ቆመ። «አንዲት ብቻ» አለና ለኮሰ። ጭሱንም በከንፈሩ ጥግ ወደ በሩ በኩል ይልከው ጀመር፤ ጭስ በላኩት የሚሄድ ይመስል።

ሀዊ ሳለች። እንደ ልማዷ ነው ብሎ ማጨሱን ቀጠለ። ደግማ ሳለች፤ ከዚያ ሳሉ ቆመና የደረቷ ፉጨት ብቻ ቀረ። ዞር ቢል የልጅቱ ትከሻ ከአንገቷ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

ሲጋራውን ወረወረና በላይዋ ተንጠራርቶ መስታወቷን ከፈተ። ሀዊ በሁለት እጇ ክንዱን ይዛ ታገለችው።

«አባዬ… ዝጋው… ትንፋሼን… ይቀማኛል…»

ሊሊሳ መስታወቱን አልዘጋውም። ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ ግማሹን በእግረኛ መንገድ ላይ ነድቶ ክሊኒክ አደረሳት።

ማስተዋል ተደውሎላት ስትመጣ ሀዊ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ተደርጎላት፣ መድኃኒት ያለበት ጭጋግ እየሳበች ነበር። ናፍቆት የምትባል ወጣት ሐኪም ደረቷን አዳመጠች።

«ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?»

«የለም» አለች ማስተዋል ፈጠን ብላ። «ድሮ እሱ ያጨስ ነበር። ለሷ ሲል እርግፍ አድርጎ ተወው።» ይህን ስትል ባሏን በኩራት አየችው። ሊሊሳ የጫማውን ክር ፈታና መልሶ አሰረ። ማስተዋልም ቀጠለች፤ «ንፋስ ነው ዶክተር። መስታወት ተከፍቶ ይሆናል።»

«ንፋስ እንዲህ አያደርግም፣ እናቴ። ጭስ ከሌለ እንግዲህ ሌላ ነገር መፈለግ አለብን። ለጊዜው ደም እንውሰድ።»

ሀዊ መርፌውን አይታ እጇን ከብርድ ልብሱ ስር ደበቀች። ዓይኗ አባቷን ለመነ።

«ዶክተር» አለ ሊሊሳ። «መኪና… ቤት ነው?»

«እንዴት?»

«ማለቴ፣ መኪና ውስጥ ቢጨስ ይቆጠራል?»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። «ከቤትም ይብሳል፤ ጠባብ ነው። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሱት፣ ሳንባቸውም ለጋ ነው፤ እርስዎ ያጨሱትን እነሱ ይስቡታል። ሲጋራው ከጠፋ በኋላም ወንበሩና ልብሱ ላይ ይቀራል።»

«መስታወት ቢከፈትስ?»

«ቢቀንሰው ነው እንጂ አያጠፋውም። ሲዘጋማ ምኑ ይጠየቃል?»

ማስተዋል ቀስ ብላ ዞረች። «ሞተር ላሙቅ የምትለው…»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። የሀዊን ፀጉር ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ ግን መሃል ገባች። «አትንካት። ልብስህ ይሸታል።» ቀጥላም «የሰው ልጆችስ?» አለችው። «ሂድ፤ ለየእናቶቻቸው ንገር። በራስህ አፍ።»

ሚኒባሷን ትቷት በእግሩ ዳገቱን ወጣ። እትዬ ወርቅአየሁ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ገና ሲያዩት ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ደግሞ ንፋሱ መኪናህን ወሰዳት?»

«እትዬ፣ ንፋስ አይደለም። እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ዘግቼ አጨሳለሁ፤ ከዚያ ልጆቹን እጭናለሁ። ሀዊ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ናት።»

እትዬ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «አይ ሊሊሳ! አሁንስ ጨርቅህን ልትጥል ነው። እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አለ ሊሊሳ፣ ድምፁ እየተቆረጠ፣ «ባርኮትም ያስላል፣ እትዬ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።